ሁለተኛው ትምህርት፦ ከቅኔ ቤት እስከ ስድስት ኪሎ

በዩኒቨርሲቲ ከዋናው ትምህርት ጋር ማይነር ደርቦ መያዝ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በምዝገባ ሰሞን ነው። ወላጅ «ሥራ ያስገኝለታል ወይ?» ይላል፤ የክፍል ጓደኛ «ግሬድህን ያወርድብሃል» ይላል፤ አማካሪ መምህሩ ደግሞ የኮርስ ዝርዝሩን አይቶ ክሬዲት አወሩን ይደምራል። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ሆኖም ነገሩን የዛሬ ተማሪ ብቻ የገጠመው አዲስ ጣጣ አድርጎ ማየት ከቀደሙት ሰዎች ልምድ የሚገኘውን ትምህርት ያስቀራል። ሁለተኛ የዕውቀት ዘርፍ ጨምሮ የመማር ልማድ በአገራችን ከዩኒቨርሲቲ በፊት የኖረ ነው፤ ዛሬ ማይነር የምንለው ሥርዓትም ከአሜሪካ ኮሌጆች ተነስቶ ስድስት ኪሎ የደረሰበት የራሱ መንገድ አለው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ሁለተኛ ትምህርት ሥር የሰደደው ሁለቱን ዕውቀቶች በአንድ ሰው እጅ የሚፈልግ ሥራ በነበረበት ቦታ ነው። ያ ሥራ በሌለበት ወይም በጠፋበት ቦታ ግን ማይነር ትራንስክሪፕት ላይ የሚሰፍር ስም ከመሆን አላለፈም። እንደኔ እምነት የዛሬው ተማሪም ምርጫውን መመዘን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው።

ከአብነት ትምህርት ቤት እንጀምር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት በየጉባኤው ተከፍሎ የኖረ ነው። ከንባብ ቤት የወጣ ልጅ ፊት ለፊቱ ብዙ ቤቶች ይጠብቁታል፦ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መምህር፣ የራሱ የማስተማሪያ ስልት፣ አንዳንዱም የታወቀ የምስክር ቦታ አለው። ድጓ የተማረ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ይመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋም የሚሻ ጎንደር ይወርዳል፤ ለቅኔ ደግሞ የጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ፣ የወሎው ዋድላ ስማቸው የገነነ ነው። ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በእግሩ ነበር፤ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ። አንድ ዘርፍ ብቻውን ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ሁለተኛ ዘርፍ መጨመር ማለት ሌላ ረሃብ፣ ሌላ ብርድ፣ ከወላጅና ከአገር ሌላ ረጅም መለየት ማለት ነበር። ይህን ሁሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው ሁለተኛውን ትምህርት ለማዕረግ ብቻ ብሎ አይመርጠውም። የሚመርጥበት ጽኑ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ያ ምክንያት ማኅሌት ላይ ይገኛል። በበዓል ሌሊት ማኅሌት የሚቆም ሊቅ ከድጓ የተገኘውን ዜማ ማወቅ አለበት፤ መቋሚያውና ጸናጽሉ፣ ከበሮውና ወረቡ በሥርዓት እንዲሄዱ አቋቋም ማወቅ አለበት፤ በአገልግሎቱ መካከል በተወሰነለት ቦታ ደግሞ ለዕለቱ በዓል የሚስማማ አዲስ ቅኔ ያስፈልጋል። ሦስቱም ዕውቀቶች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቤተ መቅደስ ይገናኛሉ። ዜማ ብቻ ያለው ሰው ያዜማል፤ ተራው ሲደርስ ግን ቅኔውን ከሌላ ይጠብቃል፤ የሚያዜመው ግእዝም በሙሉ ላይገባው ይችላል። ቅኔ ቤት የሚሰጠው ሥልጠና ይህን ክፍተት ይሞላል። ተማሪው ከመምህሩ ግስና አገባብ ይቀጽላል፤ ከዚያ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በዚህ ሁሉ የግእዝ ሰዋስው በጆሮውና በአፉ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ወደ መጻሕፍት ቤት የሚያቀና ሁሉ አስቀድሞ ቅኔ ቤት የሚገባው፤ የብሉይም ሆነ የሐዲስ፣ የሊቃውንትም ሆነ የመነኮሳት ትርጓሜ ያለ ግእዝ አገባብ አይገፋም። አራቱንም ጉባኤያት የፈጸመ ሊቅ «አራት ዓይና» እየተባለ ሲከበር የኖረው አራቱ ጉባኤያት እርስ በርሳቸው ስለሚተረጓጎሙ ነው፤ የብሉዩ ምስጢር በሐዲሱ፣ የሐዲሱ በሊቃውንቱ ይፈታል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። የአብነት ተማሪ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ ሁለቱን ጎን ለጎን አይዝም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ዋናና ተጨማሪ ብሎ ከሚከፋፍል ዩኒቨርሲቲ ጋር እንዴት ይነጻጸራል የሚል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። የአብነት ትምህርት ጊዜን የሚለካው በችሎታ ነው፤ ተማሪው እስኪችል ድረስ ይቆያል። ዩኒቨርሲቲ ግን ችሎታን የሚለካው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኮርሱም ያልቃል። እኔ ለማነጻጸር የፈለግሁት የአሰጣጡን ቅርጽ ሳይሆን የምርጫውን መመዘኛ ነው። የአብነት ተማሪ «ቀጥሎ ምን ልማር?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከያዘው ዘርፍና ከሚጠብቀው አገልግሎት ነበር። ልዩነቱ ራሱም አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። በአብነት ሥርዓት ግማሽ ድጓ ይዞ «ድጓ አውቃለሁ» የሚል ሰው ምስክር ቦታ ሄዶ ሊቆም አይችልም። ሁለተኛ ዕውቀት ሁለተኛ በመሆኑ ብቻ እንዲላላ የተፈቀደበት ጊዜ የለም። ዩኒቨርሲቲዎች ማይነርን ሲያቀልሉት ያጡት ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ሌላው የታሪኩ ምንጭ እንሻገር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ኮሌጅ የገባ ወጣት የሚመርጠው ነገር ጥቂት ነበር፤ ሁሉም ላቲን፣ ግሪክና ሒሳብ በአንድ ተርታ ይማር ነበር። የዬል ኮሌጅ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1828 ባወጡት ዝነኛ ሪፖርት ይህንኑ የተወሰነ ሥርዓተ ትምህርት አእምሮን የሚገራ ነው ብለው ተከራከሩለት። እ.ኤ.አ. በ1869 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የሆነው ቻርልስ ኤልየት ግን በሩን ከፈተው። በ40 ዓመት የሥልጣን ዘመኑ የግዴታ ኮርሶችን ደረጃ በደረጃ እያነሳ ተማሪው የወደደውን እንዲመርጥ አደረገ። የፕሪንስተኑ ጄምስ ማኮሽ እ.ኤ.አ. በ1885 ኒው ዮርክ ላይ ፊት ለፊት ገጥሞ ተከራከረው፤ ልጓም የሌለው ምርጫ ተማሪን ከጥልቅ ዕውቀት ያርቃል ብሎ ነበር የሠጋው። ሥጋቱ መሠረት ነበረው፤ ብዙ የሃርቫርድ ተማሪዎች ከመግቢያ ኮርስ ወደ መግቢያ ኮርስ እየዘለሉ መመረቃቸው በኋላ በግልጽ ታየ። በሁለቱ ጫፎች መካከል መንገድ የጠረገው የጀርመንን የምርምር ዩኒቨርሲቲ አርአያ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተው ጆንስ ሆፕኪንስ ነው። በቀጣዩ ዓመት ካታሎጉ ዋናና ተጨማሪ የሚሉትን የትምህርት መደቦች አወጣ፤ ዋናው የሁለት ዓመት ጥናት ሲፈልግ ተጨማሪው የአንድ ዓመት ይፈልግ ነበር። ዴቪድ ስታር ጆርዳን የዋና ትምህርትን አሠራር በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ወደ ተከፈተው ስታንፎርድ ወሰደው። ኤልየትን የተካው ሎረንስ ሎዌልም እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ሃርቫርድ ውስጥ ተማሪው በአንድ ዘርፍ እንዲጠልቅ፣ የቀሩትን ኮርሶች ደግሞ በሌሎች ዘርፎች እንዲያከፋፍል ደነገገ። እንግዲህ ማይነር የተወለደው ምርጫን ለማብዛት ሳይሆን በዝቶ የነበረውን ምርጫ መልክ ለማስያዝ ነው። ተማሪው ከዋናው ውጭ የሚወስዳቸው ኮርሶች ወዲያና ወዲህ እንዳይበታተኑ አንድ አቅጣጫ ይሰጣቸው ነበር።

ይህ ሥርዓት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በተቋማት በኩል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ በሉስዬን ማት መሪነት አራት ኪሎ ላይ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የምህንድስና ኮሌጅ፣ የሕንጻ ኮሌጅ፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተከታተሉ። ከዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የአጥኚዎች ቡድን ሁኔታውን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ካቀረበ በኋላ ኮሌጆቹ በአንድ ቻርተር ሥር ተጠቃለሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ ተመረቀ። ክሬዲት አወሩ፣ ሴሚስተሩ፣ ፍሬሽማኑ፣ ከኤ እስከ ኤፍ የሚወርደው ግሬድ የአሜሪካን መልክ የያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ሜጀርና ማይነርም በዚሁ መንገድ ገቡ። ነገር ግን አንድ ሥርዓት ከውጭ ስለመጣ ብቻ አይጸድቅም፤ ብዙ የመጡ ነገሮች ሳይቆዩ ተረስተዋል። ማይነር በተለይ በትምህርት ፋካልቲ ሥር የሰደደው የሚጠብቀው ሥራ ስለነበረ ነው፤ እሱም የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ነበር።

የዚያን ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁኔታ ቀረብ ብለን እንየው። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት፣ ክፍሎቻቸው ትንሽ፣ መምህራናቸው የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የመምህር እጥረቱ እጅግ ከባድ ስለነበር በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ ሰላም ጓድ ቡድን ከ270 በላይ ሰዎች ሲኖሩት አብዛኞቹ በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠማሩ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመርም ተማሪዎቹ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ በአብዛኛው ያስተማሩት በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ነበር። አንድ ምሳሌ እናስላ። አንድ የአውራጃ ከተማ ትምህርት ቤት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየደረጃው አንድ አንድ ክፍል ብቻ ቢኖረው፣ ታሪክም በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ፣ የታሪክ መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ የሚይዘው 12 ክፍለ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ጂኦግራፊም እንዲሁ 12 ክፍለ ጊዜ ይኖረዋል። ርእሰ መምህሩ ለአንድ ትምህርት ብቻ የሠለጠኑ ሁለት መምህራን ቢሰጡት ሁለቱም ግማሹን ሳምንት ሥራ ይፈታሉ፤ አንድ ብቻ ቢሰጡት ደግሞ አንደኛው ትምህርት ያለ አስተማሪ ይቀራል። በታሪክ ሜጀር፣ በጂኦግራፊ ማይነር የያዘ አንድ መምህር ግን 24ቱን ክፍለ ጊዜ ይሸፍናል። ሒሳብን ከፊዚክስ፣ ባዮሎጂን ከኬሚስትሪ ያጣመሩ ተመራቂዎችም የሚፈለጉት በዚሁ ምክንያት ነበር። ለእነዚህ ተማሪዎች ማይነር ነገ ጠዋት ጠመኔ ይዘው የሚቆሙበት ክፍል ማለት ነበር።

አንባቢ ይህን የድህነት መላ ነው ሊለው ይችላል። መንግሥት ሁለት ደመወዝ ላለመክፈል አንዱን መምህር ለሁለት ከፈለው፤ የተጎዳው ደግሞ በማይነር ብቻ ከሠለጠነ ሰው ፊዚክስ የተማረው ልጅ ነው ሊል ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ስድስት ኮርስ የወሰደ ሰው ሃያ ኮርስ ከወሰደው እኩል ሊያስተምር አይችልም፤ ጎበዝ ተማሪ የሚያነሳውን ከባድ ጥያቄ ሁሉ መመለስም ይቸግረዋል። ይሁን እንጂ ጥምረቱ በዘፈቀደ የተሠራ አልነበረም፤ የተጣመሩት ትምህርቶች ዘመዳሞች ናቸው። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ በይፋት በኩል ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣውን የሲራራ መንገድ የሚያስተምር የታሪክ መምህር ቆላውንና ደጋውን፣ የውኃውን ጉድጓድና የዝናቡን ወቅት ካላወቀ፣ ነጋዴው ለምን በዚያ በኩል እንደሄደና መንግሥታት ለምን በዚያ መስመር ላይ እንደተዋጉ ማስረዳት ያቅተዋል። የፊዚክስ መምህርም ሒሳቡን ሳይይዝ የእንቅስቃሴን ሕግ አያስረዳም። ስለዚህ እጥረቱ ልማዱን ወለደው ማለት ይቻላል፤ ልማዱ ግን እጥረቱን ከመሙላት አልፎ የተሻለ የታሪክ መምህርም አፍርቷል። ዝምድና በሌላቸው ትምህርቶች መካከል ጥምረት ሲፈጠር ግን የተቃዋሚው ሥጋት ሙሉ በሙሉ እውነት ይሆናል፤ መምህሩ ሁለት ጊዜ ይደክማል፣ ተማሪውም ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ልማዱ እየደከመ የሄደበት መንገድም ይህንኑ ሐሳብ ያጸናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመሰናዶ ትምህርትን በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ላይ አቆመ። የመሰናዶው ትምህርት የፍሬሽማኑን ዓመት ይተካል ተብሎ ስለታሰበ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሬሽማን ቀረ፤ የብዙ ትምህርት ክፍሎች የመጀመሪያ ዲግሪም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ። አንድ ዓመት ሲቆረጥ የሚጠበው ቦታ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ዋናውን ትምህርት የሚደፍር የለምና ለተጨማሪው ዘርፍ የሚተርፈው ክሬዲት አነሰ። በዚያው ወቅት የሥራው መልክም ተለወጠ። ትምህርት ቤቶች በዙ፤ በከተሞች ደግሞ በአንድ ደረጃ ብዙ ክፍሎች ያላቸው ሆኑ፤ አንድ የታሪክ መምህር ታሪክ ብቻ እያስተማረ ሳምንቱን የሚሞላበት ዘመን መጣ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መጀመሪያ በአንድ ዘርፍ ዲግሪ ይዞ፣ ከዚያ የማስተማር ሥነ ዘዴ በአንድ ዓመት ዲፕሎማ የሚማርበት አሠራር ሲተከል ሁለቱን ትምህርቶች የሚያገናኘው ሥራ ይበልጥ ራቀ። የማይነር መዳከም የተማሪ ስንፍና ወይም የመምህራን ቸልተኝነት ውጤት አይመስለኝም። የሚጠብቀው ሥራ ሲቀር ልማዱም ተከትሎት ሄደ።

የዛሬው ሁኔታ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ግፊቶች አሉበት። በአንድ በኩል የትምህርት ፍኖተ ካርታው ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል፤ ተማሪው ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቦና፣ ኢኮኖሚክስና ሌሎችንም የጋራ ኮርሶች ይወስዳል። ይህ አድማስ ያሰፋል፤ ነገር ግን ከየዘርፉ አንድ ኮርስ መቅመስ ሁለተኛ ዘርፍ ከመያዝ ጋር አንድ አይደለም። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ተማሪው በዋናው ትምህርቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን እንዳይይዝ አድርጓል። በዚህ ፈተና ፊት የቆመ ተማሪ ከዋናው ውጭ የሚያጠፋውን እያንዳንዱን ሰዓት በፍርሃት ቢያይ አይፈረድበትም። ስለዚህ ማይነር ለመያዝ የሚያስብ ሰው ቀድሞ ከነበረው የበለጠ ጥንቃቄና የበለጠ ጽኑ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጥልቀት ነው፤ ጊዜህን ለሁለት ከከፈልክ አንዱንም ሳትይዝ ትቀራለህ የሚለው። ወጪውን በቁጥር እንየው። ማይነር በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኮርስ ይፈልጋል ብንል፣ እያንዳንዱም 3 ክሬዲት ቢኖረው፣ ድምሩ ከ15 እስከ 18 ክሬዲት ነው። በሦስት ዓመት ላይ ቢበተን በየሴሚስተሩ አንድ ኮርስ ይደርሳል። ለአንድ ሰዓት ገለጻ ሁለት ሰዓት ጥናት ያስፈልጋል በሚለው የተለመደ ስሌት አንድ ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። ዘጠኝ ሰዓት ቀላል ጊዜ አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ መሰብሰቢያ፣ ያልገባን የዋና ትምህርት ኮርስ ደግሞ ማንበቢያ፣ ራሱን ለሚደጉም ተማሪም የእንጀራ ሰዓት ነው። በዋናው ትምህርቱ እየተንገዳገደ ያለ ተማሪ ይህን ጊዜ ለሌላ ዘርፍ መስጠት የለበትም፤ የአብነቱም ሥርዓት ቢሆን ያለፈውን ያልጸናለትን ተማሪ ወደሚቀጥለው አያሻግርም ነበር። ሆኖም ሰዓቱ ከዋናው የሚሰረቀው ሁለቱ ዘርፎች ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። የሶሺዮሎጂ ተማሪ ስታቲስቲክስ ቢይዝ፣ በመጨረሻው ዓመት መጠይቅ አሰራጭቶ መልሱን ሲተነትን ዘጠኙ ሰዓት ተመልሶ ለሶሺዮሎጂው ይሠራል። የእርሻ ሳይንስ ተማሪም ኢኮኖሚክስ ጨምሮ ቢማር ገበሬው አዲሱን ዘር ለምን እንዳልተቀበለው ከአፈሩ ባሻገር ከገበያው ዋጋ ጭምር ማየት ይችላል። እንዲህ ያለው ማይነር ዋናውን ያጠልቀዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከፍ ካለ ቦታ የሚመጣ ነው። ዕውቀትን ሁሉ በሥራ ከለካን ዕውቀትን ስለራሱ ብሎ የሚወድ ሰው የት ይሂድ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥራ ስል ግን ደመወዝ የሚከፈልበትን ብቻ ማለቴ አይደለም። ምርምርም ሥራ ነው፤ አንድን ጥያቄ እስከ ሥሩ መከተልም ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት፣ ከ1270 እስከ 1527 የነበረውን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ታሪክ የሚተርከው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የመስኩ ምሰሶ ሆኖ የኖረው ደራሲው የዘመናዊውን የታሪክ ምርምር ሥልት ከግእዝ ገድላት ንባብ ጋር ስላገናኙ ነው። በየገዳሙ ያሉ የወንጌል ብራናዎችን ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በባዶ ገጾቻቸውና በኅዳጎቻቸው ላይ የርስትና የጉልት ድልድል፣ የሽያጭና የውርስ ውል፣ የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። የመሬት ይዞታን ታሪክ የሚያጠና ሰው ግእዝና የጥንቱን አማርኛ ማንበብ ካልቻለ ይህ ሁሉ ማስረጃ ዓይኑ ፊት ተዘግቶ ይቀራል፤ ግእዝ ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያነበበውን ስለ ግብርና ስለ ኑሮ ከሚጠየቀው ጥያቄ ጋር ላያገናኘው ይችላል። የሐረርንና የወሎን የእስልምና ቅርስ ለሚያጠና ዐረብኛ፣ የገዳን ሥርዓት ለሚመረምር አፋን ኦሮሞ እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ የዕውቀት ፍቅርና የሥራ መመዘኛ አይጣሉም፤ ፍቅሩ ጥያቄውን ያነሳል፣ ሁለተኛው ትምህርት ለጥያቄው መሣሪያ ያቀብላል።

የሚቀሩትን ሁለት ተቃውሞዎች ባጭሩ ላንሳ። አንደኛው፣ በአገራችን ተማሪው ዋናውን ትምህርት እንኳ በነጥብና በምደባ እንጂ በምርጫው የማይዝበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ስለ ማይነር ምርጫ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለው ነው። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ አየዋለሁ። ያልወደደው ክፍል ለተመደበ ተማሪ ማይነር አንዲት የራሱ ውሳኔ ልትሆን ትችላለች። የሚያስፈልገው የተመደበበትን ዘርፍ ሸሽቶ የሚደበቅበትን ሳይሆን የተመደበበትና የሚወደው የሚገናኙበትን ቦታ መፈለግ ነው። ጤና ወድዶ ስታቲስቲክስ የደረሰው ልጅ የሕዝብ ጤና ኮርሶችን ቢጨምር በዋናው ትምህርቱ ውስጥ ያላየው መንገድ ይከፈትለታል። ሁለተኛው፣ አጫጭር ሥልጠናዎች በኢንተርኔት በነጻ በሚገኙበት ዘመን ማይነር ምን ይሠራል የሚለው ነው። አንድን ሶፍትዌር ወይም አንድን የእጅ ሙያ ለመማር አጭር ሥልጠና ይበቃል፤ የማይነርን ክሬዲት በዚያ ላይ ማጥፋትም አይገባም። አንድን የዕውቀት ዘርፍ ከመሠረቱ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ፣ በሚያርም መምህር ፊት፣ ስህተትን እየተነገሩ ለመማር ግን ሥርዓት ያለው ጉባኤ ያስፈልጋል። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ሳይነግር ባለ ቅኔ አይሆንም፤ የሚታረም ሥራ የሌለበት ትምህርትም ብዙ አያስኬድም።

ስለዚህ ማይነር ልያዝ ወይስ ልተው ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ታሪኩ የሚሰጠው መልስ አዎ ወይም አይደለም የሚል ቁርጥ ቃል አይደለም፤ ሦስት ጥያቄዎችን በተርታ ይሰጠዋል። ዋናው ትምህርቴ ጸንቶልኛል ወይ? ሁለቱን ዘርፎች በአንድነት የሚፈልግ ሥራ፣ ምርምር ወይም አገልግሎት በስሙ መጥራት እችላለሁ ወይ? ሁለተኛውንስ ነገ ሰው ፊት ቆሜ ልመሰክርበት በሚያስችል ልክ ለመማር ፈቃደኛ ነኝ ወይ? ሦስቱንም አዎ ብሎ የሚመልስ ሰው ይያዝ፤ ዘጠኙ ሰዓት አይከስርበትም። ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ያቃተው ግን ያንን ጊዜ ለዋናው ቢሰጠው ይሻለዋል፤ ማይነር ያልያዘ ተመራቂ የጎደለው ነገር አለ የሚል ሐሳብም ሊያስጨንቀው አይገባም። ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አላቸው። ፍሬሽማን ከተመለሰ፣ ዲግሪውም እንደገና አራት ዓመት ከሆነ ወዲህ ለሁለተኛ ዘርፍ የሚሆን ቦታ ሊገኝ ይችላል። ያን ቦታ በተበታተኑ ኮርሶች ከመሙላት ይልቅ ትምህርት ክፍሎች ተነጋግረው የሚገናኙ ዘርፎችን ቢያጣምሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ሁለቱን ዘርፎች እንዲያገናኝ ቢያደርጉ፣ ማይነር ተማሪው በእጁ የሚሠራበት ዕውቀት ይሆናል። ትንንሽ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዛሬም ሁለት ትምህርት የሚያስተምር መምህር ያስፈልጋቸዋል፤ የብራና ቤቶቻችንም ታሪክና ግእዝ ያጣመረ ተመራማሪ ይጠብቃሉ። የሚሠራው ሥራ አለ፤ ትምህርቱን ከዚያ ሥራ ጋር ማገናኘት የትምህርት ክፍሎችና የተማሪው የጋራ ኃላፊነት ነው።